የጎደለው ጉልቻ

የምነግራችሁ እውነት ነው።

እንደ ሌሎቹ "ከጓደኛዬ ጓደኛ የሰማሁት" አይደለም። የገዛ ቤቴ ውስጥ፣ በገዛ እናቴ ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን የሆነ ነው። ስም እንኳ አልቀየርኩም። ማንን ፈርቼ?

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጅብ አልጮኸም፣ መብራት አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዝናቡ እንደ ልማዱ እየወረደ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ፣ ባጃጆች እየተጣሩ...

በዚያ ሰዓት ነው እናቴ የጠፋችው።

"ጠፋች" የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። እስክጨርስ ታገሱኝና እናንተ ቃል ፈልጉላት።

ህሊና እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከእናቴ ከወይዘሮ በየነች ጋር ነበር።

እናቴን የሚፈልግ ሰው ጓሮ ነው የሚሄደው። ቡናዋ፣ እንሰቷ፣ ጎደሬዋ፣ ኮረሪማዋ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጠዋት ትገባለች፣ ለምሳ ጠርቼ ጠርቼ ትወጣለች። እግሯ ጭቃ፣ ቀሚሷ ጭቃ፣ ፊቷ ግን ሙሽራ። ጎረቤታችን ጀውሃራ "እትዬ በየነችን ቤት ውስጥ የሚፈልግ ሞኝ ነው" እያለች ትስቅባት ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን የኔ ናት።

በረንዳው ላይ ከጉልበቴ ሥር ቁጭ ትልና ፀጉሯን አበጥሬ እሠራታለሁ። እንደ ጥጥ የነጣ ሽበት ነው። ጫፉን በሰማያዊ ክር አስርላታለሁ። ክሩን ሳጠብቀው አመመኝ አትልም። ዝም ብላ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ዘንበል ታደርግና ጉልበቴን ትደገፋለች። አላላው ማለቷ ነው።

አንድ ወንድም አለኝ። ዓለምሰገድ ይባላል። ጅማ ነው የሚሠራው። መሥሪያ ቤቱ ለካይዘን ሥልጠና ጃፓን ልኮት ነበር። ለአጭር ሥልጠና ሄዶ ረጅም ምላስ ይዞ ተመለሰ።

"ሁሉም ነገር ቦታ አለው፣ ሁሉም ነገር በቦታው።" ይቺን ሳይናገር እህል አይቀምስም። የኩሽናውን መደርደሪያ አስተካከለ። የጫማ መደርደሪያ ሠራ። ዝም አልነው። ትልቅ ወንድም ነው፣ ይሁንለት ብለን።

ቀጥሎ ዓይኑ ጓሮው ላይ አረፈ።

በሐቅ ልናገር። ይወዳታል። ባለፈው ክረምት ቡና ሥር አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰብሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ከዚያ ወዲህ ጭቃ ባየ ቁጥር ይደነግጣል። መውደዱ ነው ጉድ ያፈላው። የሚጠላት ቢሆን ኖሮ ጓሮዋን ይተውላት ነበር።

እናቴ ለእህቷ ተዝካር ማሻ በሄደችበት ሳምንት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ።

እማዬን ጠይቃት አልኩት። እሷ መቼም እምቢ ነው የምትለው፣ ሲያልቅ ታየዋለች አለኝ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት። እንዳላበደ ሰው ፈገግ ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ጠጠር። ድንጋይ። አንዲት ቀጭን ዛፍ። የጃፓን ጋርደን ነው አለኝ፤ አረም የለው፣ ውሃ ማጠጣት የለው፣ ጭቃ የለው። እማዬ ቁጭ ብላ ማየት ብቻ።

ቡናው ነጭ አበባውን እንዳወጣ ተቆረጠ። እንሰቱ ተነቀለ። ጎደሬው እንዳይመለስ ከሥሩ ተቆፈረ። መሬቱ ላይ ጥቁር ሸራ ተነጠፈና ከወንዝ የመጣ ነጭ ጠጠር በኢሱዙ ተገለበጠበት።

መሐሉ ላይ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ተቀመጡ። ከሸዋ ቤንች በኩል ያስመጣቸው ናቸው። ቁመታቸው ቁጭ ያለ ሰው ያህላል። ሦስቱም ፊት ለፊት ተያይተው...

ጠጠሩን የሚያስተካክልበት ጥርስ ያለው የእንጨት መሣሪያም አሠራ። በሳምንት አንዴ መሥመር መሥመር እያደረጉ መጎተት ብቻ ነው አለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ጃፓኖቹ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን፣ እኛ የድንጋይ ሽበት የምንለውን ነገር ይወዱታል አሉ። ድንጋዩ ሽበት ሲይዝ ነው ጋርደኑ የሚያልቀው አለኝ።

ሚዛን ውስጥ ሽበት ለማብቀል ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። ቆርቆሮው ላይ አለ፣ ግንቡ ላይ አለ፣ ተበላሽቶ የቆመ ባጃጅ ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ዓለምሰገድ ከግንቡ ላይ ልጦ ሦስቱም ድንጋዮች ላይ ለጠፈው።

እናቴ ቅዳሜ ከማሻ ተመለሰች።

ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞረች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ፊቷን አላየሁም፣ ባለማየቴም አመሰግናለሁ። የጠጠሩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ብዙ ቆመች።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም።

"ጉልቻ ነው የጎለትከው?" አለችው።

ዓለምሰገድ ሳቀ። "ጋርደን ነው እማዬ። ማረፊያሽ ነው። ከእንግዲህ ማረፍ ብቻ።"

"ሦስት ድንጋይ ፊት ለፊት ከተጎለተ ጉልቻ ነው ልጄ። በል ምን ልትጥድበት ነው?"

እሱ አሁንም ይስቃል።

"ጉልቻ አይነቀልም፣ አይጎድልም" አለችው ቀስ ብላ። "ከጎለትክ ጎለትክ ነው።"

ከዚያ በረንዳው ላይ ዱካዋን አቀረበችና ተቀመጠች።

በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሥራዋ መቀመጥ ሆነ።

ጠዋት ስወጣ እዚያው ናት። ለምሳ ስመለስ እዚያው ናት። ነይ ገበያ እንሂድ ብላት እግሬ እምቢ ይላል ትላለች። ያ እግር ዳገት ቁልቁለት ሲል የኖረ እግር ነው። እህል መቅመስ ተወች። ጀውሃራ ጎደሬ ቀቅላ ስታመጣላት እጇ ላይ ይዛ አገላብጣ አየችው እንጂ አልበላችም። የኔ ነበር እኮ፣ አለች።

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ስላት...

"ምን እሆናለሁ። ተጎልቻለሁ።"

ለዓለምሰገድ ደወልኩለት። እናትህ እየጠፋችብን ነው፣ መሬቷን መልስላት አልኩት። ዕድሜ ነው አለኝ። ዕረፍት እስክትለምድ ነው አለኝ። እንደሱ ዓይነቱን ሰው ከማሳመን ድንጋይ ማለብ ይሻላል።

ትንንሹ ነገር የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ማለዳ ጠጠሩ ተበጥሮ አገኘሁት። "ተበጥሮ" ያለችው እናቴ ናት፣ የዓለምሰገድን የእንጨት መሣሪያ ማበጠሪያ ነበር የምትለው። መሥመሮቹ ሦስቱን ድንጋዮች ክብ ክብ እያደረጉ ዞረዋቸዋል። እናቴ ሠርታው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። ቢያንስ ከዱካዋ ተነሣች።

ማበጠሪያው ግን ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሸረሪት አድርቶበታል።

ምን ይባላል?

ሌላ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። ጠጠሩ ረጥቧል። ግንቡ ይንጠባጠባል። ሦስቱ ድንጋዮች...

ደረቅ ናቸው።

ሄጄ እጄን አስቀመጥኩበት። ሞቅ ይላል። ምጣድ ከወረደለት በኋላ ያለ ጉልቻ ታውቃላችሁ? አያቃጥልም፣ ግን እሳት እንደነበረው ይነግራችኋል። እኛ ቤት የሚበሰለው በኤሌክትሪክ ነው። ጓሮው ውስጥ ክብሪት እንኳ ተጭሮ አያውቅም።

ዓለምሰገድ የለጠፈው ሽበትም ጠውልጎ ጠቁሮ ረግፏል። በሚዛን እርጥበት! አንዱም ድንጋይ አልያዘም።

ዘወር ስል እናቴ ከዱካዋ ሆና ታየኛለች።

"አትንኪው" አለች በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"እየጠበቀ ነው።"

"ምን?"

ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ድንጋዮቹ መለሰች።

የዚያን እሁድ ፀጉሯን ስሠራት ከበፊቱ ሳስቶ ነበር። ጫፉን በሰማያዊ ክር አሰርኩላት። አጥብቄው ኖሮ ዘንበል ብላ ጉልበቴን ተደገፈች። ክብደቷ ያስደነግጥ ነበር። ሰውነቷ አልቆ አጥንት የቀረ ሴት እንዴት እንዲህ ትከብዳለች? ጉልበቴ ደነዘዘ። ግን አላስነሣኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ የመጨረሻ እሁዳችን ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ተማሪ ሞልቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ስልኬን ሳየው እናቴ ደጋግማ ደውላለች። እናቴ ስልክ ትቀበላለች እንጂ አትደውልም።

መልሼ ደወልኩ።

"እማዬ?"

"ሂሉ..."

ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው። ከኋላዋ ምንም አይሰማም። ዝናብ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። ጭር ያለ ነው።

"የት ነሽ?"

"ጓሮ።"

"በዚህ ዝናብ? ግቢ እንጂ!"

"እዚህ አይዘንብም።"

ሱቄ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ የሷም ሰማይ የኔው ሰማይ ነው።

"እማዬ፣ ማን አለ ቤት?"

"ዓለሜ መጥቶ ነበር። ከአለቃው ጋር። አለቃው ድንጋዩን ወደደው። አንዱን ጭነው ወሰዱለት።"

"ይውሰዱት! እሰይ! አንቺ ግቢ።"

"ጎደለ እኮ፣ ልጄ።"

"ምኑ?"

"ጉልቻው። ሁለት ሆኖ አያድርም።"

ከዚያ የምትስቅ መሰለኝ። ወይም ትተነፍስ ነበር፣ እንጃ።

"ከተጎለትኩ አይቀር... ቦታዬ ላይ ልጎለት።"

ተዘጋ።

ሱቁን ለተማሪዎቹ ጥዬ ወጣሁ። ያገኘሁት ባጃጅ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ሹፌሩ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፣ እኔ ፍጠን ብቻ ነው የምለው። ደረስኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። በረንዳው ላይ ዱካዋ አለ። እሷ የለችም።

"እማዬ!"

መኝታ ቤት የለችም። ኩሽና የለችም። በዝናቡ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ኮንጎ ጫማዋ የጠጠሩ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ወንድሜ እንደሚወደው፣ በሥርዓት። ከጫማው እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ያለው ጠጠር ተበጥሯል። አንድም የእግር ምልክት የለበትም።

ዙሪያውን አየሁ። ግንቡ ረጅም ነው፣ እናቴ ልትወጣው አትችልም። ጠጠሩ በቦታው ነው። ቀጭኗ ዛፍ በቦታዋ ናት። ሦስቱ ድንጋዮች በቦታቸው ናቸው። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ሁሉም ነገር በቦታው።

ያን ጊዜ አልገባኝም። እናቴን ነበር የምፈልገው፣ ድንጋይ አይደለም። ወደ ጎረቤት ሮጥኩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ጀውሃራ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ዞረች። ለፖሊስ ተነገረ። ሰፈርተኛው ወንዙን፣ ጫካውን፣ የማሻን መኪና መነሻ ሁሉ አሰሰ። ዓለምሰገድ ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀምሯት ነበር፣ ተሳፍራ ሄዳ ይሆናል እያለ ለሰው ያስረዳል። እሷ ምንም ረስታ አታውቅም። የረሳነው እኛ ነን።

የተቀመጠችበትን ሳናውቅ ስንት ጊዜ በአጠገቧ አለፍን...

ከቀናት በኋላ ፍለጋው ሲሰለች ጀውሃራ ውሃ ልትቀዳልኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ባዶ ጆግ ይዛ ተመለሰች።

"ሂሉ" አለች በሹክሹክታ። "ድንጋዩን መለሱት እንዴ?"

"የቱን?"

"አለቃው የወሰደውን።"

አብረን ወጣን። አንድ... ሁለት...

ሦስት።

ዓለምሰገድን ጠራሁት። እሱም አየ። ስልኩን አወጣና አለቃውን ጠየቀ። ድንጋዩ ከአለቃው በር ላይ አልተነቃነቀም። ጭነው የሄዱትን ልጆች ጠየቀ። ሌላ ድንጋይ ያመጣ የለም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሦስተኛውን ድንጋይ ትኩር ብሎ ተመለከተው።

ከሁለቱ ያንሳል። ወደፊት ጎበጥ ያለ ነው። ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ክንድ ቢሆን አንጓው ጋ፣ ተሰብሮ እንደ ተጠገነ ዓይነት እብጠት አለው።

"አቀማመጡ ጥሩ ነው" አለ ወንድሜ።

እንዲህ ነው ያለው። ሌላ ምን ይበል? ሌላ ነገር ቢል ሌላ ነገር ሊያምን ነው።

ጀውሃራ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል አትመጣም። ስትመጣም ከበሩ ላይ ሆና ነው የምታናግረኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ ሰው እንዳለበት ቤት።

አስከሬን ስለሌለ ፍትሐቱ አከራከረ። ቄሱ በሕይወት ላለ ሰው አይፈታም አሉ። በሕይወት ካለች የት አለች? እኔ አንደበቴን ያዝኩት። ለቅሶ ሳንቀመጥ፣ ተስፋ ሳናደርግ፣ እንዲሁ ተንጠልጥለን ክረምቱ ገባ።

አንድ እሁድ ዓለምሰገድ ከጅማ መጣ። ጓሮ ገብቶ ቆየ። ከዚያ ጠራኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። እግዜር ይይለት፣ ደስታ ነበር።

"ሂሉ! ነይ እዪ... ሽበቱ ያዘ።"

ወጣሁ።

ሁለቱ ድንጋዮች እንደ ወትሮው ራቁታቸውን ናቸው። ሦስተኛው ግን አናቱ ላይ አብቅሏል።

"አረንጓዴ መሆን ነበረበት" አለ ዓለምሰገድ ጎንበስ ብሎ። "ይሄ ነጭ ነው። ደግሞ ረጅም ነው..."

እጁን ሰድዶ ነካው።

ወዲያው መለሰው። ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። እኔንም አላየኝም። ምሳ ሳይበላ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስልክ ስደውል ሥራ ላይ ነኝ ይለኛል። ስለ ጋርደኑ አይጠይቅም።

እኔ የት እሄዳለሁ? እናቴን ለማን ትቼ?

ብዙ ሰው ቤቱን ሽጪውና ውጪ ይለኛል። ጠጠሩን አንሺው፣ ድንጋዩን አስፈንቅዪው የሚሉም አሉ። አንድ ቀን ሠራተኛ ዲጂኖ ይዞ መጥቶ ነበር። ከበሩ መለስኩት። ሦስት ከሆነ ጉልቻ ነው፣ ጉልቻ አይነቀልም።

አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዱካዋን ይዤ ጠጠሩ ላይ እገባለሁ። ከድንጋዩ ኋላ እቀመጣለሁ። ማበጠሪያ አለኝ፣ የእንጨቱን ሳይሆን የፀጉሩን። ሰማያዊ ክርም አለኝ። ዝናብ ቢመጣም እዚያ አይዘንብም።

ባለፈው እሁድ ሠርቼ ስጨርስ ጫፉን አሰርኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ስለነበር ሳላስበው አጠበቅኩት።

ድንጋዩ...

ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል አለና ጉልበቴን ተደገፈ።